አፈሩ፣ ዘሩና ጫማው፤ የዝሆኔ በሽታ ምርምር በኢትዮጵያ

የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም በነበረበት ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ገበያተኛ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። ጫማ ማድረግ የጥቂቶች ወግ ስለ ነበረ፣ እህሉን፣ ቅቤውንና ማሩን በአጋሰስ ጭኖ የሚመጣው ባላገር ያገሩን አፈር በእግሩ ጣቶች መካከል ይዞ ይገባ፣ ይዞም ይመለስ ነበር። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ አዲስ ከተማ ካዛወሩት በኋላ አራዳ የሱቆችና የሲኒማ ቤቶች ሰፈር ሆኖ ቀረ፤ በባዶ እግር የመሄዱ ልማድ ግን በገጠሩ አገር ቀጠለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድን የእግር በሽታ ለማጥናት የተነሡ ሐኪሞች ሕሙማኑን ለመቁጠር የመረጡት ሥፍራ ሆስፒታሉን ሳይሆን የገጠሩን ገበያ መሆኑ አያስገርምም። በገበያ ቀን አገሩ ሁሉ በእግሩ ይመጣልና። እርግጥ ነው፣ ሐፍረት ከቤት ያስቀረው ሕመምተኛ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም።

በሽታው በአማርኛ ዝሆኔ ይባላል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጥተውታል። በውስጥ እግር ማሳከክና ማቃጠል ይጀምራል፤ ቀጥሎ እግር ማበጥ፣ ቆዳውም መወፈርና መሻከር፣ አንዳንድ ጊዜም ሽበት የያዘ ድንጋይ መምሰል ይመጣል። እብጠቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። በየጊዜው ትኩሳትና ብርቱ ሥቃይ እየተነሣ ገበሬውን ከእርሻው፣ እናቲቱን ከጓዳዋ ለቀናት ያውላል። በቢምቢ የሚተላለፈው፣ በደም ውስጥ በሚኖር ጥገኛ ትል የሚመጣው የቆላ ዝሆኔ ሌላ ነው። ይህኛው የደጋና የወይና ደጋ በሽታ ሲሆን፣ የሚገኘውም ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት አገር ነው። ቢምቢዋ በማትደርስበት ከፍታ ላይ በሽታው መገኘቱ የቀደሙትን ሐኪሞች ብዙ አደናግሯል።

ባላገሩ ግን አልተደናገረም፤ መልሱ በእጁ ነበር፤ ዘር ነው ይላል። በብዙ የአገራችን ክፍል ሽማግሌ ተልኮ ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝምድናው እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል፤ አብሮም የቤተ ሰቡ ዘር በሹክሹክታ ይመረመራል። ቁምጥና ያለበት ቤት፣ እግር የሚያብጥበት ቤት ተለይቶ ይታወቃል። እግሯ ያላበጠው እኅት እግሩ ባበጠው ወንድሟ ምክንያት ባል ታጣለች። ልጁ ከትምህርት ቤት፣ አባቱ ከእድርና ከማኅበር ይርቃል። ይህ ፍርድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ፣ ከበሽታው ይልቅ ብዙ ሰው ጎድቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ የዚህ በሽታ የምርምር ታሪክ ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ የተጓዘ ታሪክ ነው። አንደኛው፣ ምክንያቱ አፈር ነው ወይስ ዘር የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዘር ከሆነስ ዘር ማለት ምን ማለት ነው የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ የደከሙት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ፕራይስ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በሥጋ ደዌ ሕክምና ሥራ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ምዕራብ በዘነበወርቅ አካባቢ በ1965 የተቋቋመው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል፣ ማለትም አለርት፣ የዚህ ሥራ ማዕከል ነበር። ከሥጋ ደዌ ሕሙማን መካከል የሥጋ ደዌ የሌለባቸው፣ እግራቸው ግን ያበጠ ሰዎች ይገኙ ነበር። ከሳቸው ቀደም ብለው ኦሜን የተባሉ ሐኪም በኢትዮጵያ ገበያዎች የተደረገ ቆጠራ በ1969 አሳትመው ነበር፤ ፕራይስም በዚያው መንገድ ከገበያ ወደ ገበያ እየተጓዙ ያበጠውን እግር ከአፈሩ ዓይነት፣ ከከፍታውና ከዝናቡ ጋር አነጻጸሩ። ካርታውና ቆጠራው ተስማሙ፤ ቀይ ሸክላ ባለበት በሽታው አለ፣ በሌለበት የለም።

ቀጥሎ ወደ ሥጋው ውስጥ ገቡ። ፕራይስና ባልደረባቸው ሄንደርሰን በ1978 ባሳተሙት ሥራ ከባዶ እግረኞች ብሽሽት የተወሰዱ የሊምፍ ዕጢዎችን መርምረው የአፈር ብናኝ አገኙባቸው፤ አልሙኒየም፣ ሲሊከን፣ ብረት፣ ሁሉም በሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። እጅግ የደቀቀው ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። በዚህም የተነሣ የሊምፍ ቧንቧዎች ግድግዳ ይቆጣል፣ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ይዘጋል፤ መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግርን ያሳብጣል። ሐኪሙ ከግሪክኛው እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት ለበሽታው ስም አወጡለት፤ በ1990ም ስለ እርሱ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። ስሙ ራሱ ክርክሩን የፈረደ ይመስላል፤ ምክንያቱ አፈር ነው።

ሆኖም አንድ ነገር አልተፈታም፤ ይህንንም ከማንም በፊት የተገነዘቡት ፕራይስ ራሳቸው ናቸው። ብናኙ የተገኘው በሕሙማኑ ዕጢ ውስጥ ብቻ አልነበረም። እግራቸው ባላበጠ ባዶ እግረኞች ዕጢ ውስጥም ነበረ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ማሳ፣ በአንድ ሞፈርና ቀንበር፣ ባዶ እግራቸውን ሠላሳ ዓመት ያርሳሉ፤ የአንዱ እግር ያብጣል፣ ሌላው በጤና ያረጃል። አፈሩ ለሁለቱም አንድ ነው። ፕራይስ ይህን አስቀድመው ስለ ጠረጠሩ የሕሙማንን የቤተ ሰብ ሐረግ መዝግበው፣ በበሽታው ውስጥ የዘር ውርስ ድርሻ ሊኖር እንደሚችል በ1972 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈው ነበር። ባላገሩ ዘር ነው ያለው ነገር፣ በሐኪም ብዕር ሲጻፍ ምናልባት የመጀመሪያው ነበር። የዘሩ ምንነት ግን በዚያን ጊዜ በነበረው መሣሪያ ሊታወቅ የሚችል አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ከዝሆኔ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ሰውነት ወገኑን ከባዕድ የሚለይበት ጥበብ እንዴት እንደ ተደረሰበት መናገር ያስፈልጋል።

በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊክና ረዳታቸው ሞርገንሮት በፍየሎች ላይ ሙከራ አደረጉ። ለአንድ ፍየል የሌላ ፍየል ደም ሲሰጣት፣ ሰውነቷ ያንን ደም የሚያፈርስ መከላከያ ያዘጋጃል፤ የገዛ ደሟን የሚያፈርስ ግን ፈጽሞ አያዘጋጅም። ኤርሊክ ከዚህ ተነሥተው፣ ሰውነት ራሱን መመረዝን ይፈራል፣ ይህንንም የሚከለክል ሥርዓት አለው ብለው ደመደሙ። ሥርዓቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በ1958 ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ ደጋግመው የሌላ ሰው ደም የተሰጣቸው ሕሙማን በሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ የሚነሣ መከላከያ እንደሚያበጁ አስተዋሉ፤ በነጭ ሕዋሳት ገጽ ላይ ሰውን ከሰው የሚለይ ምልክት አለ ማለት ነው። ይህን ምልክት የሚሠሩት ጂኖች በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ተጠጋግተው የሚገኙ ሲሆን፣ በምሕጻረ ቃል ኤች. ኤል. ኤ. ይባላሉ። ከሰው ሰው እጅግ ይለያያሉ፤ የኩላሊት ንቅለ ተከላ አስቸጋሪ የሆነውም በነዚህ ልዩነት ነው። ተፈጥሮ ግን ንቅለ ተከላን ለማስቸገር ብላ አላበጀቻቸውም። እውነተኛ ሥራቸው በ1974 ታወቀ፤ ዚንከርናገልና ዶኸርቲ የተባሉት ሊቃውንት ቲ-ሕዋስ የተባለው ነጭ ሕዋስ ቫይረስን ለብቻው እንደማያይ፣ የሚያየው ከገዛ ወገኑ ምልክት ጋር ተያይዞ ሲቀርብለት ብቻ እንደሆነ አሳዩ። በ1987 የዚህ ፕሮቲን ቅርጽ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። እንደ ተዘረጋ መዳፍ ያለ ሰርጓዳ አለው፤ በሕዋሱ ውስጥ የተሰባበረውን የፕሮቲን ቁራጭ በዚያ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ለቲ-ሕዋስ ያሳያል። ቁራጩ የራስ ከሆነ ቲ-ሕዋስ ዝም ማለት፣ የባዕድ ከሆነ መነሣት ይኖርበታል።

ዝም ማለትን የሚማረው የት ነው? ከደረት አጥንት በስተ ኋላ ባለው ታይመስ በተባለው ዕጢ ውስጥ ነው። ጃክ ሚለር በ1961 የዕጢውን አስፈላጊነት እስኪያሳዩ ድረስ ጥቅም የሌለው ትርፍ ሥጋ ይመስል ነበር። ለጋ ቲ-ሕዋሳት በዚያ ይፈተናሉ፤ የራስ ቁራጭ በኤች. ኤል. ኤ. መዳፍ ላይ ሲቀርብለት አጥብቆ የያዘ ሕዋስ እዚያው ይሞታል። እንግዲህ ኢንሱሊን የሚሠራው በቆሽት ነው፤ ታይመስ ውስጥ ያለ ሕዋስ የቆሽትን ሥራ ከየት ያውቃል? በ1997 የተገኘው ኤር የተባለው ጂን ይህን ይመልሳል። ይህ ጂን በታይመስ ውስጥ የልዩ ልዩ ብልቶችን ፕሮቲኖች በጥቂት በጥቂቱ እያሠራ ለፈተና ያቀርባል። ሲበላሽ ሰውነት በገዛ ዕጢዎቹ ላይ ይነሣል። ከፈተናው ያመለጡትን ደግሞ በደም ውስጥ የሚያረጋጉ ሌሎች ቲ-ሕዋሳት አሉ፤ ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 አገኟቸው፤ እነርሱን የሚያበጀው ፎክስፒ3 የተባለው ጂን በ2001 በብሩንኮውና በራምስዴል ተለየ። የ2025 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለሦስቱ የተሰጠው ስለዚሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለዝሆኔ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። አንድ ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው ኤች. ኤል. ኤ. የትኛው ቁራጭ በመዳፉ ላይ ተቀምጦ እንደሚታይ ይወስናል። ከዚህ የተነሣ አንዱ ሰው በዝምታ የሚያልፈውን ነገር፣ የሌላው ሰውነት እንደ ጠላት ሊያየው ይችላል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ ቴዎድሮስ አደባባይ ይገኛል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጋፋት ላይ አሠርተው በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ያስጎተቱት የሴባስቶፖል መድፍ ምሳሌ የተተከለበት ሥፍራ ነው። ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በግቢውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤትና የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት አሉ። የፕራይስን ጥያቄ ካቆሙበት ያነሡት በዚህ ግቢ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2007 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙ 59 ቤተ ሰቦችን ሐረግ መርምረው፣ በሰዎች መካከል ለበሽታው በመጋለጥ ረገድ ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ በውርስ የሚገለጽ መሆኑን ገመቱ። የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት ከሌላው ሰው ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ለበሽታው የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጂኑን መፈለግ ነበር። ለዚህ ሥራ ደም መውሰድ፣ ደም ለመውሰድም ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ተነሣ። በወላይታ የተጠየቁት ሰዎች መርፌውን አልነበረም የፈሩት፤ ጥናቱን ነው። በዘር ላይ የሚደረግ ምርምር በሽታው የቤተ ሰብ መሆኑን በአደባባይ ያውጃል፣ ልጆቻችንን ማን ያገባቸዋል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ሥጋቱ ከዕውቀት ማነስ የመጣ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ዘር የሚለው ቃል በገዛ አገሩ ምን ሥራ ሲሠራ እንደ ኖረ ከተመራማሪው ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ራሱን የቻለ ጥናት አድርገው በ2009 አሳተሙት፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድም መገለልን እንዳያባብስ ሆኖ እንዲታሰብበት አመለከቱ። ከጂኑ ግኝት ይልቅ እምብዛም የማይነገርለት ይህ ሥራ፣ በሙያ ሚዛን ሲታይ ከዚያ የሚያንስ አይደለም።

ግኝቱ በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ሥራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአለርት ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የእንግሊዝና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የጋራ ሥራ ነበር። 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች በመላው የዘር ቅንብራቸው ተነጻጸሩ፤ ውጤቱም እናት፣ አባትና የታመመ ልጅ በያዙ 202 ቤተ ሰቦች ዳግም ተፈተነ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ፣ በዚያው በኤች. ኤል. ኤ. ሠፈር ነው። ከነዚህ ጂኖች አንዳንዶቹን ዓይነቶች የወረሰ ሰው ካልወረሰው ይልቅ ሁለት እጥፍ ያህል ተጋላጭ ነው። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ይህንኑ በአማራ፣ በኦሮሞና በወላይታ ተወላጆች ላይ ደግሞ አረጋገጠ።

የዚህ ትርጉም በጥሞና መነበብ አለበት። የተገኘው ጂን የዝሆኔ ጂን አይደለም። ወገንን ከባዕድ ለመለየት በሰው ሁሉ ውስጥ ከሚሠሩት ጂኖች አንዱ መልክ ነው፤ በዚሁ መልክ የተወለዱ እጅግ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሳያብጥ ይኖራሉ። አፈሩን ካልረገጠ፣ ይህን ጂን የወረሰ እግር አያብጥም። እግርን የሚያፈርሰውም አፈሩ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውነት በአፈሩ ላይ የሚያነሣው የማያባራ ቁጣ ነው። ማዕድን የቲ-ሕዋስን ቁጣ ሊያስነሣ መቻሉ በሌላ በሽታ ታውቋል፤ በፋብሪካ ቤሪሊየም የተባለውን ብረት አቧራ ከሚተነፍሱ ሠራተኞች መካከል ሳንባቸው የሚታመመው በአብዛኛው የተወሰነ ኤች. ኤል. ኤ. የወረሱት መሆናቸው ከ1993 ጀምሮ ይታወቃል። ብረቱ በመዳፉ ላይ ተቀምጦ የራስን ቁራጭ የባዕድ ያስመስለዋል። የሸክላ ብናኝም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራ እንደሆነ መመርመር ያለበት ጉዳይ ነው።

የስኳር በሽታን ጉዳይ እዚህ ላይ ማንሣት ያግዛል፤ የዝሆኔ ሕመምተኛ ዕድል በምን እንደሚሻል ያሳያልና። በልጅነትና በወጣትነት በሚጀምረው የስኳር በሽታ ሰውነት የሚያጠፋው የገዛ ቆሽቱን ሕዋሳት ነው። በጥቁር አንበሳ ፕሮፌሰር ጀማል አብዱልቃድርና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ማለቂያ ላይ የኢትዮጵያውያን ሕሙማንን ኤች. ኤል. ኤ. መርምረዋል። በገጠር የሚታዩት ከሲታ ወጣት ሕሙማን በሽታቸው ከረኃብ የመጣ ይሆን የሚለው ክርክር ግን ለረጅም ጊዜ ቆየ። በ2020 በጎንደር አካባቢ የአማራ ተወላጆች ላይ የተደረገ ጥናት አብዛኞቹ ሰውነታቸው በራሱ ላይ የተነሣባቸው መሆናቸውን አመለከተ። ለእነዚህ ሰዎች በሽታውን ከጅምሩ የሚያስቀር ጫማ የለም፤ ዕድሜ ልክ ኢንሱሊን ብቻ ነው ያለው፤ ኢንሱሊን ደግሞ ከገጠር ጤና ጣቢያ ሲጠፋ ሕይወት አብሮ ይጠፋል።

ለዝሆኔው ግን ጫማ አለ። በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ይኸው በሽታ ይታይ እንደ ነበረ፣ ሰዎች ጫማ ማድረግን ሲለምዱ እንደ ጠፋ ፕራይስ ጽፈዋል፤ የማንም ዘር በመካከሉ አልተለወጠም። በኢትዮጵያ በ2017 የታተመው ግምት በበሽታው የተያዙትን አዋቂዎች ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ያደርሳቸዋል፤ አፈሩና የአየሩ ጠባይ ለበሽታው በሚመች አገር የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ወደ 35 ሚሊዮን ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ከተዘነጉት የሐሩር አገር በሽታዎች አንዱ አድርጎ የመዘገበው በ2011 ብቻ ነው፤ ወላይታ ውስጥ ሕሙማኑን ማከም የጀመረው የሞሲ ፉት ማኅበር በ1998 ሲቋቋም የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም።

በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን በተሳተፉበት፣ በ2018 በታተመው ሙከራ ለግማሾቹ የተሰጣቸው ሕክምና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ መጠቅለያ ጨርቅ፣ ካልሲና ጫማ ነበር። ሕክምናው ካልደረሳቸው መካከል አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ከሚነሣበት የእግር ትኩሳትና ሥቃይ፣ ለታከሙት ወደ 19.4 ወረደ። ሕክምናውን ለመቀበል የማንም የሰባት ቤት ሐረግ አልተጠየቀም።